ለአባቴ፦ ስለ አንዲት ፊደል

ይድረስ ለማከብርዎና ለምወድዎ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔና ባለቤቴ ደኅና ነን። ባለፈው ሳምንት በስልክ ስንነጋገር ድምፅዎ ደክሞብኝ ስለነበር የደወልኩበትን ጉዳይ ሳላነሣ ተሰናበትኩዎ፤ በኋላ ግን ሐኪሙ ያለውን ሁሉ እህቴ ነገረችኝ። ከእኔ የደበቁኝ እንዳልጨነቅ ብለው መሆኑ ይገባኛል። እኔም ከሌላ አገር በጉዲፈቻ ልናሳድጋት ስለምንጠብቃት ልጅ «ወረቀቱ ሊያልቅ ነው» እያልኩ ሁለት ዓመት ሙሉ ስነግርዎ የኖርኩት በዚሁ ምክንያት ነበር። ወረቀቱ አላለቀም፤ አሁን የቆመውም በእርስዎ ስም ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በልደት ምስክር ወረቀቴ ላይ ያለው የእርስዎ ስም ፓስፖርቴ ላይ ካለው በአንዲት ፊደል ይለያል። ፊደሏ ያረፈችው ወረቀቱ በሚታጠፍበት መስመር ላይ ስለሆነና ቀለሟም ስለደበዘዘ እኔ ራሴ በዚህ ሁሉ ዘመን አላስተዋልኳትም ነበር። የልጅቷ አገር መርማሪዎች ግን አስተውለው፣ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን ባለስሙ ራሱ በቃለ መሐላ እንዲያረጋግጥ ጽፈው ሰነዱን መለሱት። ደብዳቤው እኛ ዘንድ እስኪደርስ አራት ወር ፈጀ። በዚህ መካከል የፖሊስ ማስረጃችን ጊዜው አለፈ፤ እሱን አሳድሰን ሳንጨርስ የሕክምና ምርመራው አለፈ፤ አሁን ደግሞ ልጅ ለማሳደግ ብቁ መሆናችንን የሚያየው የቤተሰብ ጥናት የሚታደስበት ተራ ደርሷል።

ጉዳዩን መጀመሪያ የነገርኩዎ ቀን «ልጅ በወረቀት ይገዛል እንዴ?» ብለውኝ ነበር። ያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የሄግ የጉዲፈቻ ስምምነት፣ አስቀድሞ ልጁ በተወለደበት አገር የሚያሳድገው ቤተሰብ መኖሩ እንዲታይ፣ የወላጆች ፈቃድ በገንዘብ የተገኘ እንዳይሆን፣ እናትም ፈቃዷን የምትሰጠው ከወለደች በኋላ ብቻ እንዲሆን ያዝዛል። የሁለቱ አገሮች ባለሥልጣናት ተስማምተው ይቀጥል ሳይሉ ልጅ ለአሳዳጊ እንዲሰጥ መወሰን አይቻልም። ለዚህ የሚወስደውን ጊዜ አላማርርበትም፤ እርስዎ የፈሩት ነገር እንዳይደርስ የሚጠብቀው ይኸው ምርመራ ነውና። የሚያንገበግበኝ፣ ተመርምሮ ያለቀ ወረቀት አንድ ፊርማ ሲጠብቅ ጠረጴዛ ላይ የሚከርምበት ጊዜ ነው። ያው ስምምነት በአንቀጽ 35 ባለሥልጣናቱ ጉዳዩን በፍጥነት እንዲፈጽሙ ያዝዛል፤ በስንት ቀን እንደሆነ ግን አይናገርም። ለእኔ ትምህርት ቤት ምዝገባ ሦስት ቀን የተሰለፉ አባት ስለሆኑ ወረፋ ሰውን ምን እንደሚያደርገው ለእርስዎ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ያንን ውለታም አልረሳሁትም።

ፋይሏ ለእኛ ሲቀርብ ልጅቷ የአንድ ዓመት ከሁለት ወር ሕፃን ነበረች፤ አሁን ሦስት ዓመት አልፏታል። ባለፈው ወር የደረሰን የጤና ሪፖርት አንድ ገጽ ነው፤ ቁመቷ፣ ክብደቷ፣ የወሰደቻቸው ክትባቶች ተዘርዝረዋል። ከግርጌው «የላይኛው የፊት ጥርስ በከፊል ተሰብሯል» የሚል አንድ መስመር አለ። ወድቃ ይሁን፣ ማን ብድግ አድርጓት፣ ምን ያህል አልቅሳ እንደሆነ አልተጻፈም። ባለቤቴ ያችን መስመር ካነበበች በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ስለ ልጅቷ ማውራት አልሆነላትም። እኔ ሌሊት ሌሊት ተነሥቼ ከሪፖርቱ ጋር የመጣውን ፎቶግራፍ በስልኬ እያጎላሁ አያለሁ፤ አፏን ገጥማ ስለተነሣች ጥርሷ አይታይም።

አባቴ፣ በዚያው ቀን የተናገሩት ሌላም ቃል ነበር። «ደሜ ያልሆነ በስሜ አይጠራም» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አልደገሙትም፤ እኔም አላነሣሁትም፤ ነገር ግን አንድም ቀን ከልቤ አልወጣም። የቤተሰብ ጥናቱን የሠራችው ባለሙያ አባቴ ጉዳዩን እንዴት እንደተቀበሉት ስትጠይቀኝ «ደስ ብሏቸዋል» ብዬ መለስኩላት። በዚያ ሁሉ ፋይል ውስጥ እያወቅሁ የጻፍኩት ሐሰት ያ ብቻ ነው፤ የዋሸሁትም አፍሬብዎ ሳይሆን እንደዚያ ቢሆንልኝ ስለተመኘሁ ነው። ጥናቱ ስለሚታደስ ባለሙያዋ ትመለሳለች፤ በዚህ ጊዜ ከእርስዎም ጋር በስልክ መነጋገር ትፈልጋለች። ለእኔ ብለው እንዲያስመስሉ አልጠይቅዎትም፤ የሚሰማዎትን ይንገሯት። እኔም መዋሸቴን አስቀድሜ እነግራታለሁ።

የምፈራውን ግን ልጻፍልዎ። ይህች ልጅ ቤታችን ስትገባ እርስዎ እንዳይኖሩ እፈራለሁ። በየቢሮው ደጅ የምጠና መስዬ የማሳድደው የእርስዎን ቀን ጭምር ነው፤ ይህን በስልክ ልነግርዎ ሦስት ጊዜ ሞክሬ አቅቶኛል።

ማክሰኞ ጠዋት እህቴ ውል አዋዋይ ዘንድ ትወስድዎታለች። ጉልበትዎን አስባ ደረጃ የሌለበት ቦታ መርጣለች። መታወቂያዎንና መነጽርዎን አይርሱ፤ ቃለ መሐላው ላይ የሚፈረመው በሹሙ ፊት ስለሆነ እቤት ሳሉ አይፈርሙበት።  መፈረሙ ልብዎን ከከበደው ከማክሰኞ በፊት ለእህቴ ይንገሯት፤ በምስክሮች የሚሆንበት ሌላ መንገድ አለ፣ ረጅም ቢሆንም እንሄድበታለን፤ ዝም ማለቱን ግን ከእንግዲህ አልችለውም።

የሚፈርሙልኝ ከሆነ፣ እንደ ልማድዎ በመጀመሪያዋ ፊደል ብቻ አያሳጥሩት። መታወቂያዎ ላይ እንዳለው ሙሉ ስምዎን ይጻፉ፤ በልጅቷ ፓስፖርት ላይ ከእኔ ስም ቀጥሎ የሚገባው እንደዚያው ነው።

ልጅዎ