የባዮሎጂ ክበብ ዘገባ፦ «የቆለጥ ክበብ» ላላችሁን ሁሉ

ከስሙ እንጀምር። ግማሹ ትምህርት ቤት፣ የመምህራን ክፍል ጓደኞቼን ጨምሮ፣ ዘንድሮ «የቆለጥ ክበብ» ሲለን ከረመ። እኛም አብረን ስቀናል። ርዕሱን የመረጡት ግን ተማሪዎቹ ናቸው፤ እኔ እንዳልሆንኩ ይታወቅልኝ።

ነገሩ የተነሳው ጥቅምት ላይ ነው። ስለ በሽታ መከላከል ስናወራ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ሰውነት የራሱን ሕዋስ ለይቶ የሚያውቀው ገና በሕፃንነት ነው ብለዋል። የወንድ ዘር ደግሞ መመረት የሚጀምረው በጉርምስና ነው። ታዲያ ነጭ የደም ሕዋሳት ለምን እንደ ባዕድ አያጠቁትም?» ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፣ መልሱን በቅጡ አላውቀውማ!

ሁለት ሳምንት አነበብን። መልሱ አጥር ነው። በዘር ፍሬው ውስጥ ባሉት ቀጫጭን ቱቦዎች፣ ጣሊያናዊው ኤንሪኮ ሰርቶሊ በ1865 እ.ኤ.አ. የገለጻቸው፣ በስሙም «ሰርቶሊ» የሚባሉት ሕዋሳት ጎን ለጎን ገጥመው ይቆማሉ። ክላውዲንና ኦክሉዲን የሚባሉ ፕሮቲኖች እንደ ስፌት ያያይዟቸዋል። በደም የመጣ ሁሉ ዝም ብሎ አያልፍም፤ ውስጥ የሚበስለው ዘርም ከነጭ የደም ሕዋሳት ዓይን ተሰውሮ ያድጋል።

አጥሩ ግን የድንጋይ አይደለም። ያልበሰለው ሕዋስ ከውጭ ወደ ውስጥ መሻገር አለበት። ይህን በሰልፍ ሜዳው ላይ በትያትር አሳየን፣ ያያችሁት ታስታውሳላችሁ። ልጆቹ በሁለት ረድፍ ክንድ ለክንድ ተያያዙ። አንዲት ትንሽ የ9ኛ ክፍል ልጅ መሃል ገባች፤ ከኋላዋ ያለው ረድፍ ሳይቆለፍ ከፊቷ ያለው አይፈታም። የፊተኞቹን ክንድ ነካ አድርጎ የሚያስፈታው፣ ደረቱ ላይ «ቲኤንኤፍ አልፋ» የሚል ወረቀት የለጠፈው ልጅ ነው። ይህ የብግነት (የሰውነት መቆጣትና ማበጥ) መልእክተኛ በመጠኑና በቦታው ሲሆን በር ከፋች ነው። ከዚያ «ኢንፌክሽን ገባ!» ሲባል፣ ያንኑ ወረቀት የለጠፉ አስር ልጆች ከሚኒ ሚዲያው ጀርባ እየሮጡ መጡ፣ ሁለቱም ረድፍ በአንዴ ተበተነ፣ ጋውን የለበሱት ነጭ የደም ሕዋሳት ገብተው ትንሿን ልጅ እስከ ባንዲራው ድረስ አሳደዷት። የአንዱ ልጅ ሸሚዝ ተቀደደ። እናቱን ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

ስብሰባውን አልተርክላችሁም። በየሐሙሱ ተሰበሰብን፣ ቃለ ጉባኤ ተያዘ፣ ሦስት የግድግዳ ጋዜጣ ወጣ። አንዱ «ነውር ነው» ተብሎ በማግስቱ ተነሳ። ማን እንዳነሳው አውቃለሁ፣ ይለፍ።

የዓመቱ ነገር ግን የቢሾፍቱው ጉዞ ነው። የእንስሳት ሕክምና ኮሌጁ ላብራቶሪ ውስጥ የበግ የዘር ፍሬ ስላይድ አየን። ክብ ክብ ቱቦዎች፣ ሮዝና ሐምራዊ፣ ሕዋሳቱ ከዳር ወደ መሃል ዙር በዙር የተደረደሩ። «ሰፌድ!» አለች አንዷ፣ ልክ ነበረች። ሁሌ ኋላ የሚቀመጥ አንድ ልጅ ከማይክሮስኮፑ አልነሳ አለ። «ተነስ እንጂ!» ቢሉት አይሰማም።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ዱከም እስክንደርስ ትንፍሽ አላለም። ከዚያ በጆሮዬ፣ «ቲቸር፣ ጆሮ ደግፍም ብግነት ያመጣል አይደል?» አለኝ። 9ኛ ክፍል እያለ ይዞት ነበር። ከጉንጩ ቀጥሎ ታች አበጠ። ለእናቱ እንኳ አልነገረም። መካን ሆኛለሁ ብሎ ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻውን ተሸክሞት ኖሯል።

የማውቀውን ነገርኩት። ቫይረሱ ሰርቶሊ ሕዋሳቱ ራሳቸው ቲኤንኤፍ አልፋ እንዲያመነጩ እንደሚያደርግ፣ አጥሩም በዚያ እንደሚላላ በአይጥ ላይ ታይቷል፤ ይህን አልደበቅኩትም። ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠቃው አንዱን ጎን ነው፣ ጨርሶ መካን የሚሆን ሰው ደግሞ ብርቅ ነው። ለማንኛውም ጤና ጣቢያ ሄደህ ታይ አልኩት። «የእኔም በአንድ ጎን ነበር» አለና ወደ መስኮቱ ዞረ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ስልክ የምነካካ መሰልኩ። ይህን የምጽፈው ራሱ ፈቅዶልኝ ነው፤ «እንደኔ ያለ ሌላም አይጠፋም» ብሎ።

የከሸፈብንም አለ። ከሥጋ ቤት ያመጣነው የበግ ቆለጥ፣ ፎርማሊን ስለሌለን በሁለተኛው ቀን ሸተተና ላብራቶሪውን አዘጋን። የጽዳት ሠራተኞቻችን፣ አፉ በሉን። ማይክሮስኮፓችን ደግሞ አንድ ነው፤ ብርሃን የሚያገኘው በመስታወት ከፀሐይ ስለሆነ ሰማዩ ሲደምን ክበቡም ይበተናል። የእግር ኳስ ቡድናችን ዘንድሮ ሁለተኛ ማሊያ ተገዝቶለታል። ይልበሱት፣ ያምርባቸዋል። አልቀናሁም ብል ግን እዋሻለሁ።

የወላጅ መምህራን ኅብረት ደብዳቤያችን ደርሶታል። የጠየቅነው ባለ አምፖል ማይክሮስኮፕ አንድ፣ የተዘጋጀ ስላይድ አንድ ሳጥን፣ ፎርማሊን ጥቂት ሊትር ነው። ወላጆችም ለበዓል በግ ስታርዱ ቆለጡን አትጣሉብን፣ በፌስታል ቋጥራችሁ በልጆቹ ላኩልን። ፎርማሊኑ ከተገዛ በኋላ ማለቴ ነው።