ድርቅ የቻለውን እኛ በውኃ ገደልነው፦ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ 34 አባላት ነበሩት። በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ተሰብስበናል፣ ቃለ ጉባኤ ይዘናል፣ ግቢ አጽድተናል፣ በሚኒ ሚዲያም መልእክት አስተላልፈናል። ስለ ስብሰባው ይህ ይበቃል። የምጽፈው ስለ ትሪ ሉሰርን ነው።

ትሪ ሉሰርን የአተርና የባቄላ ዘመድ የሆነ ቁጥቋጦ ነው። አበባው ነጭ ነው፣ ንብ ይወደዋል። የመጣው ከካናሪ ደሴቶች ቢሆንም የእኛን ደጋ ለምዶታል። ሥሩ ጠልቆ ስለሚሄድ ድርቅ ይችላል። በበጋ ሣሩ ሲያልቅ ለበግ ለምለም ቅጠል የሚሰጠውም ለዚህ ነው። የአንገረብ ግድብ በደለል በተቸገረበት በጎንደር ከተማ፣ ተዳፋት ላይ አፈር የሚይዝ ተክል ማፍላት የልጅ ጨዋታ አይመስለኝም። ይህን የምለው በመምህራን ማረፊያ «የቅጠል ክበብ» እያላችሁ ለምትቀልዱብኝ ነው።

ጥቅምት ላይ የዘራነው አልበቀለም። ፍሬው ጠንካራ ሽፋን አለው፣ ውኃ አያስገባም። ውኃ አፍልተን፣ ከእሳት አውርደን፣ ዘሩን ጨምረን ስናሳድረው ግን አብጦ አደረ። በሁለተኛው ዙር 80 ችግኝ አገኘን። ደስታችን ልክ አልነበረውም።

ከዚያ ገደልናቸው። የችግኝ ላስቲኩን የሞላነው ከሜዳው በዛቅነው፣ ውኃ በሚቋጥር ዋልካ አፈር ነበር። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ልጆቹ ከየቤታቸው በጀሪካን እያመጡ ጠዋትም ማታም አጠጡ። እኔም አመሰገንኋቸው! ትሪ ሉሰርን የማይችለው ነገር ቢኖር የተኛ ውኃ ነው፤ ሥሩ ይበሰብሳል። ታኅሣሥ ሲያልቅ የቀረን 11 ብቻ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የልጆቹ አይደለም።

የጥምቀት ግርግር እንዳለፈ ሚኒባስ ተኮናትረን ከከተማው በስተ ሰሜን ወዳለችው ኮሶዬ ወጣን። ኪራዩን የከፈልነው እኛው አዋጥተን ነው፤ ከክበባት በጀት አንድ ብር አልወጣም። ልጆቹ ገደሉን አይተው፣ ጭላዳ አይተው ሲጮኹ ቆዩና ወደ አንዲት እናት ጓሮ ገባን። በእርከኑ ዳር ትሪ ሉሰርኑ ተደርድሮ አብቧል። ንቡ ይርመሰመስበታል። እሳቸው ከወገብ በላይ እየቆረጡ ለበጎቻቸው ይሰጣሉ፤ ሲቆረጥ መልሶ ያቆጠቁጣል።

ከሁሉ የበለጠ ጀሪካን ያመላልስ የነበረው የ7ኛ ክፍል ልጅ ጠጋ አለና «እማማ፣ በሳምንት ስንት ቀን ያጠጡታል?» አላቸው።

ሳቁ። «ማን ያጠጣዋል ልጄ? እኔስ ለራሴ ውኃ መች አገኘሁና!»

ሌሎቹም ሳቁ። እሱ አልሳቀም። እጁን ኪሱ ከትቶ ቁጥቋጦውን ሲያይ ቆየ። እማማ ገብቷቸው ነው መሰለኝ፣ ከሥር ወድቆ የበቀለ ትንሽ ችግኝ ከነአፈሩ ነቅለው ሰጡት። አፈሩን ሲያራግፍ ሥሩ ላይ ጥቃቅን እባጮች አየ። አንዱን በጥፍሩ ሰነጠቀው። ውስጡ ቀይ ነው። «ቲቸር፣ ደም አለው!»

ከአየር ናይትሮጅን ወስደው ለተክሉ ምግብ የሚያደርጉት ባክቴሪያዎች የሚኖሩት እዚያ እባጭ ውስጥ ነው፤ ቅላቱም ሥራ ላይ መሆናቸውን ያሳያል። ይህን ስንት ዓመት በጠመኔ ሥዬ አስተምሬያለሁ። እንደዚያ ቀን የገባው ተማሪ ግን አላየሁም። ሚኒባሱ ውስጥ እስክንመለስ ድረስ ችግኙን ታቅፎት ነበር።

የካቲት ላይ እንደገና ዘራን። አሁን የጫካ አፈር፣ አሸዋና ፍግ ቀላቅለን ነው። የውኃውን ተራ ያ ልጅ ራሱ ይቆጣጠራል፤ አፈሩን በጣቱ ሳይነካ ማንም እንዲያጠጣ አይፈቅድም። 90 ችግኝ ደረሰ። ግንቦት ላይ ፍየሎች በተቀደደው አጥር ገብተው 33ቱን በሉ። ሰኔ መግቢያ ላይ የቀሩትን 57 ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለው ተዳፋት ተከልን።

በስብሰባ ላይ «ድርቅ የሚችል ከሆነ በጀት ለምን ትጠይቃለህ?» ተብያለሁ። ድርቅ ይችላል፣ ፍየል አይችልም። የምጠይቀው የሽቦ አጥር ነው። ለእግር ኳስ ቡድኑ ማሊያ በሁለት ሳምንት ተገዝቷል፤ የእኛ ማመልከቻ ከኅዳር ጀምሮ ፋይል ውስጥ ነው። ወላጆችም፣ ያረጀ ሽቦ ወይም የአጥር እንጨት ያላችሁ ላኩልን።

እስከዚያው ልጆቹ በእረፍት ሰዓት በተራ ይጠብቃሉ። ግን ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ነው። ፍየሎቹም ያውቃሉ።