ድልድዩ ላይ ያለው አጀብ

ይድረስ ለአባቴ፤

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ከደብዳቤው ጋር ያለው ፎቶ ባለፈው ቅዳሜ ሙዚየም ያየሁት፣ ከተጠረበ ጣውላ ወረቀት ላይ የታተመ የጃፓን ሥዕል ነው፤ ሂሮሺጌ የሚባል ሠዓሊ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1830ዎቹ ያወጣው። መነጽርዎን ያድርጉና ይመልከቱት።

ቦታው ኒሆንባሺ ነው፤ ቶኪዮ ገና ኤዶ ስትባል ወደ ኪዮቶ የሚወስደው የቶካይዶ መንገድ የሚነሣበት ድልድይ። ገና ሊነጋጋ ሲል የመስፍን አጀብ ድልድዩን ወጥቶ ወደኛ ይመጣል። ከፊት ሁለት ሰዎች ሣጥን ተሸክመዋል፣ ከኋላቸው ጦር ተቀስሯል። መስፍኑ ራሱ አይታይም። ግራውን ይዩልኝ፦ ዓሣ ነጋዴዎቹ ሸክማቸውን እንደያዙ ጥግ ይዘዋል። በቀኝ ያሉት ሁለት ውሾች ግን ማን መጣ ብለው!

መስፍኑም ወዶ አይደለም። በፈረንጆች ከ1635 ጀምሮ ሾጉኑ፣ ማለትም የጃፓን ወታደራዊ ገዥ፣ መሳፍንቱን አንዱን ዓመት ኤዶ፣ ሌላውን አገራቸው እንዲቀመጡ ያስገድዳቸው ነበር፤ ሚስትና ወራሽ ልጅ በመያዣነት ኤዶ ይቀራሉ። ዓሣ ሻጩ እንኳ ማታ ቤቱ ይገባል።

እርስዎን የሚገርምዎት ግን አሠራሩ ነው። ሠዓሊው በስስ ወረቀት ይነድፋል፤ ጠራቢው ወረቀቱን ቼሪ ጣውላ ላይ በፊቱ ደፍቶ ይለጥፍና መስመሩን እያስቀረ ዙሪያውን ይጠርባል። ንድፉ አብሮ ተጠርቦ ያልቃል። ለየቀለሙ ሌላ ጣውላ አለ። ፀጉር የሚያህለውን መስመር የሚነካው ዋናው ባለሙያ ብቻ ነው፤ ሰፋፊውን ባዶ ቦታ የሚያነሡት ተማሪዎቹ ናቸው። እርስዎ መሮ ሳያስነኩኝ ሁለት ክረምት ፍቅፋቂ እንዳስጠረጉኝ መሆኑ ነው።

ሥዕሉ ላይ የሂሮሺጌን ስም አገኘሁ። የጠራቢውን ፈልጌ አጣሁ። ያን ጊዜ እርስዎ የሠሩት የቤተ ክርስቲያን በር ትዝ አለኝ፤ ገንዘቡን የሰጠው ሰውዬ ስም በነሐስ ተጽፎ ተለጠፈ፣ እርስዎ «በሩ ያውቀኛል» ብለው ዝም አሉ። እኔ ግን ያኔም ተናድጄ ነበር፣ አሁንም አልበረደልኝም።

እሑድ ስደውል አንድ ነገር ይንገሩኝ። የጃፓን አናጺዎች መጋዙንም መላጊያውንም ወደ ራሳቸው እየሳቡ ነው የሚሠሩት። እኛ እንገፋለን። የነሱ ለትከሻ አይቀልም ይላሉ?

ልጅዎ