ቫን ስትገዙ ሞተሩን ቀዝቅዞ እዩት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ያገለገለ መኪና ግዢ የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ የቤት መኪናን ብቻ ያሰበ ነው። ቫን ግን ጭነት ሲያመላልስ የኖረ ስለሆነ የሚጎዳው ሌላ ቦታ ነው።

ሻጩ ሞተሩን አሙቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ፤ የአነሳስ ችግር የሚታየው በቀዝቃዛ ሞተር ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ያሳያል። ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ወፍራም ነጭ ጭስ ካለ፣ የራዲያተሩም ውሃ ከጎደለ፣ የቴስታታውን ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በሞተሩ አካል መካከል ያለውን ማሸጊያ) ጠርጥሩ፤ ወጪው ቀላል አይደለም።

በ4ኛ ማርሽ በዝግታ እየነዳችሁ ነዳጅ ስትረግጡ የሞተሩ ድምፅ ጨምሮ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከማርሹ ጋር የሚያገናኘው ክፍል) እያለቀ ነው። የኋላ ባሌስትራው (ጭነቱን የሚሸከመው ተደራራቢ ብረት) ቅጠሎች እንዳልተሰነጠቁ ከሥር ገብታችሁ እዩ። የጭነት ክፍሉን ምንጣፍም አንሡ፤ ዝገት የሚደበቀው እዚያ ነው። በብረቱ አካል ላይ ማግኔት የማይዝበት ቦታ ካለ፣ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ (የተጎዳ ብረት የሚሞላበት ልስን) አለ።

ቆጣሪው 80,000 ኪሎ ሜትር እያለ የፔዳሉ ላስቲክና መሪው ካለቁ፣ ቆጣሪው ወደ ኋላ ሳይመለስ አልቀረም።

በመኪናው ብረት ላይ የተቀረጸውን የሻንሲ ቁጥር ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ። በዙሪያው የሞረድ ወይም የብየዳ ምልክት ካያችሁ፣ ዋጋው ምንም ቢረክስ ተዉት። ገና ሳታዩት ቀብድ የሚጠይቅ ሰውማ፣ መኪናው ራሱ ላይኖረው ይችላል።

አንድ መካኒክ