ዋሌት ማላቀቅ ውክልና መሻር አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ክሪፕቶ ጥንቃቄ በተጻፈ ቁጥር ምክሩ አንድ ነው፤ ዋሌቱን (የክሪፕቶ ቦርሳውን) የሚከፍቱትን 12ቱን ወይም 24ቱን ሚስጥራዊ ቃላት ለማንም አትስጡ። ልክ ነው፤ ዲፋይ (ያለ ባንክ፣ ብሎክቼን በሚባል የጋራ ዲጂታል መዝገብ ላይ የሚሠራ ፋይናንስ) ውስጥ ገንዘብ ላስገባ ሰው ግን አይበቃም።

ፕሮቶኮል በሚባል የዲፋይ አገልግሎት ላይ ቶክን (ዲጂታል ገንዘብ) ለማስቀመጥ ወይም ለመቀየር መጀመሪያ የሚመጣው «አፕሩቭ» የሚል ጥያቄ ነው። ይህ ክፍያ ሳይሆን ውክልና ነው፤ ተወካዩ፣ ማለትም የፕሮቶኮሉ ኮንትራት (ብሎክቼኑ ላይ ራሱን የሚያስፈጽም ኮድ)፣ ያንን ቶክን ከዋሌቱ ላይ ራሱ እንዲያነሳ ይፈቅድለታል። ብዙ ድረ ገጾች የሚጠይቁት ደግሞ ገደብ የሌለው ውክልና ነው። 100 ዩኤስዲሲ (ዋጋው ከዶላር ጋር የተቆራኘ ቶክን) ሊያስቀምጥ የገባ ሰው ከዓመት በኋላ የሚያስገባውን 10,000ም አብሮ ፈቅዶ ይወጣል። ዋሌቱን ከገጹ «ዲስኮኔክት» ማድረግ ምንም አይሽርም፤ ፈቃዱ የተመዘገበው ብሎክቼኑ ላይ፣ በቶክኑ ኮንትራት ውስጥ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2021 ባጀር ዳኦ የተባለው የዲፋይ ፕሮቶኮል ሲዘረፍ ኮንትራቱን የሰበረው አልነበረም። ሌቦቹ ገጹ በሚጠቀምበት የድረ ገጽ አገልግሎት፣ በክላውድፍሌር በኩል፣ ድረ ገጹ ላይ ኮድ አስገቡ፤ ከኖቬምበር 10 ጀምሮ ውክልና ሲያጠራቅሙ ቆይተው ዲሴምበር 2 ላይ ወደ 120 ሚሊዮን ዶላር አነሱ። ኦዲተር የሚመረምረው ኮንትራቱን ነውና ይህን አያገኘውም። ሃርድዌር ዋሌት የሚባለው ትንሽ መሣሪያም የዋሌቱን ቁልፍ ይደብቃል እንጂ ባለቤቱ በገዛ ጣቱ ያጸደቀውን አይመልስም። የሚያስቆጨው፣ ውክልናው ይሰጥ የነበረው ለኮንትራት ሳይሆን ለተራ ዋሌት መሆኑ ነው። አድራሻውን ገልብጦ የብሎክቼኑን መዝገብ በሚያሳየው በኤተርስካን ድረ ገጽ ላይ የፈለገ ሰው በአንድ ደቂቃ ይለየው ነበር።

ስለዚህ ከማጽደቅ በፊት የተወካዩን አድራሻ ከፕሮቶኮሉ ሰነድ ጋር ማመሳከር፤ ሜታማስክ በሚባለው ዋሌት ላይ የመጠኑን ሳጥን ከፍቶ ለዚያ ግብይት የሚበቃውን ብቻ መጻፍ። የቆየውን ፈቃድ ለመሻር ሪቮክ ዶት ካሽ የተባለው ድረ ገጽ ወይም የኤተርስካን መፈተሻ አለ። ኢቴሪየም ብሎክቼን ላይ የተሻረ አርቢትረም በሚባለው ሌላ ኔትወርክ ላይ አይሻርም፤ እያንዳንዱ ኔትወርክ ለብቻው ይታያል። መሻሩም በኢተር የሚከፈል የጋዝ (የኔትወርክ አገልግሎት) ክፍያ አለው፤ ኢተሩን አሟጦ ያወጣ ሰው በክፉ ሰዓት መሻር ያቅተዋል። «ፐርሚት» የሚባለው፣ ውክልና የሚሰጥ ፊርማ ይባስ አደገኛ ነው፤ ጋዝ ስለማይጠይቅ ሰው ይንቀዋል፣ ሌባው እስኪጠቀምበት ድረስም ብሎክቼኑ ላይ አይታይም።

ትልቁን ገንዘብ ምንም በማያጸድቅ ዋሌት ማኖር፣ ለዕለት ሥራ ሌላ ትንሽ ዋሌት መያዝ ይሻላል። ሚስጥራዊ ቃላቱ ከወጡ ግን በመሻር ጊዜ ማጥፋት አያስፈልግም፤ በሌላ ንጹሕ መሣሪያ አዲስ ዋሌት ከፍቶ የቀረውን ወዲያው ማሻገር ነው።

ከሰላምታ ጋር
አንድ አንባቢ