ቲሸርት ሞልቶናል፣ የጠፋን ግድግዳ ነው

ነገሩን በአጭሩ ላስቀምጠው። እዚህ ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ያለው የወጣቶች ክበባችን ቤት የለውም። ቦታ ግን አግኝተናል። የሰፈሩ እድር ከግቢው ጀርባ ያለውን ባዶ መሬት ፈቅዶልናል። እዚያ ላይ ሁለት ክፍል ቤትና ሽንት ቤት መሥራት እንፈልጋለን። ገንዘብ ያለው ገንዘብ፣ ብሎኬት ያለው ብሎኬት፣ ጉልበት ያለው ጉልበት እንዲያዋጣ ነው ጥሪው። የሚቸኩል ሰው ቀጥታ ወደ መጨረሻው ይውረድ፤ የሚሰጥበትን መንገድ እዚያ ጽፌዋለሁ።

ለቀራችሁት እንዴት እዚህ እንደደረስን ላውጋችሁ።

ክበቡ የዛሬ አይደለም። በ1990ዎቹ በየቀበሌው የፀረ ኤድስ ክበብ ሲቋቋም ነው የተጀመረው። የዚያ ዘመን ልጆች ታስታውሱታላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ድራማ፣ ግጥም፣ ጥያቄና መልስ፣ የሚጮህ ድምፅ ማጉያ። ከእነዚያ ልጆች ገሚሱ ዛሬ አዲስ አበባ ነው፣ ገሚሱ ውጭ አገር ነው፣ ገሚሱ ደግሞ እዚሁ ሆኖ የራሱን ልጆች ወደ እኛ ይልካል። የድሮው ስም ከወረደ ቆይቷል። አሁን ጥናት አለ፣ ንባብ አለ፣ ቴአትር፣ ሰርከስና የጠረጴዛ ቴኒስ አለ።

ቤት ግን የራሳችን የምንለው ኖሮን አያውቅም። መጀመሪያ አንዲት የቀበሌ ቤት ነበረችን። አንድ ቀን ስንመጣ በሩ ላይ ሌላ ቁልፍ ተንጠልጥሎ አገኘን። «ለሥራ ተፈልጎ ነው» ተባልን። ከዚያ ቅዳሜና እሑድ አንድ መማሪያ ክፍል ተሰጠን፤ የማጠናከሪያ ትምህርት ሲጀመር ወጣን። ቀጥሎ የአንድ ደግ ሰው ጋራዥ ገባን። ተከራይ ሲያገኝ ምን ያድርግ፣ እሱም የሚያሳድጋቸው ልጆች አሉት። አሁን በአንዲት እናት ግቢ፣ ሸራ ወጥረን ዳስ ሥር ነን።

ንብረታችን በየሰው ቤት ተበትኗል። ከበሮው አንድ ቤት፣ ድምፅ ማጉያው ሌላ ቤት፣ መጻሕፍቱ በማዳበሪያ ከረጢት ታስረው ሦስተኛ ቤት። የቴኒሱን ጠረጴዛ አንዲት ጎረቤት በረንዳቸው ላይ አስቀመጡልን። ሰፊ ነገር ነው፣ ፀሐይም ያገኛል። በርበሬ ሲደርስ በርበሬ ተሰጣበት። እሳቸውን ደፍሮ የሚናገር ማን አለ? ውለታቸው አለብን። አሁን ልጆቹ ሲጫወቱ ኳሷ በነጠረች ቁጥር ማስነጠስ ነው።

ባለፈው ክረምት ደግሞ ሸራው ውሃ ቋጥሮ፣ ቋጥሮ፣ መሀሉን ተቀደደ። ከሥሩ የጥናት መጻሕፍት ነበሩ። የፊዚክሱን መጽሐፍ ልብስ ማስጫ ገመድ ላይ አንጠልጥለን አደረቅነው። ደርቋል፤ ግን አብጦ አልዘጋ ብሎናል። ልጆቹ እየተቀመጡበት ለማስተካከል ሞክረዋል።

እውነቱን ለመናገር ረጂ አጥተን አናውቅም። ሥልጠና ሲኖር ቲሸርት ይመጣል። ዘመቻ ሲኖር ቲሸርትና ኮፍያ ይመጣል። ባነርም አለን፤ አንዱ አሁን የዳሱ የጎን መከለያ ሆኖ እያገለገለ ነው። ግድግዳ የሚሰጥ ግን እስካሁን አልገጠመንም። ምክንያቱ ይገባኛል። ቲሸርት ፎቶ ላይ ያምራል፣ ሒሳቡም በዓመቱ ይዘጋል። መሠረት ከመሬት በታች የሚቀር ነገር ነው፤ ማን ፎቶ ያነሳዋል?

ጉልበት ሲፈለግ አድራሻችን ጠፍቶ አያውቅም። በ2013 ጥቅምት ላይ ለእንቦጭ ነቀላ ዘመቻ ልጆቻችን ወደ ፎገራ በኩል ወጥተው ጣና ዳር ጭቃ ውስጥ ቆመዋል። ችግኝ ተከላ ሲሆን እንጠራለን፣ ደም ልገሳ ሲሆን እንጠራለን፣ የጥምቀት ጽዳት ሲሆን እንጠራለን። ደስ ብሎን እንሄዳለን፤ ይሄ ቅሬታ አይደለም። ክፍል ስንጠይቅ ግን «ሕጋዊ አድራሻችሁ የት ነው?» እንባላለን። አድራሻ የለንም፤ ክፍል የምንጠይቀው ለዚህ እኮ ነው!

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከቦታ ቦታ መዞር የሚጎዳው ዕቃ ብቻ አይደለም። በተዛወርን ቁጥር ልጆች ይቀንሱብናል። መጀመሪያ የሚቀሩት ደግሞ ሴቶቹ ናቸው። ወላጅ ልጁን የሚልከው ለክበብ አይደለም፣ ለሚያውቀው በር ነው። «የት ነው ያለሽው?» ሲባል «እዚያ እድሩ ግቢ» ብላ የምትመልስ ልጅ ትመጣለች። «ዛሬ እዚህ ነን፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ይነገረናል» የምትል ልጅ እቤቷ ትቀራለች። አባትና እናትን አልወቅስም። ባለፉት ዓመታት ክልላችን ያለፈበትን የምናውቅ ሰዎች ነን። ትምህርት ተቋርጦ ያውቃል፣ ሰዓት እላፊም ታውጆ ያውቃል። እንዲህ ባለ ጊዜ ልጅን ወዳልታወቀ ግቢ መላክ ይከብዳል። ልጆቹ የሚፈልጉን ግን በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው፤ ቤት ውስጥ ተዘግቶ ስልክ ማገላበጥ ልጅ አያሳድግም።

ጥናቱም አለ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ሲጀምር፣ የ2014 ተፈታኞች ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በአገር ደረጃ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። ጥሩ ነው፣ ግን ከመቶ ዘጠኝ ልጅ እንኳ አይሞላም። የኛ ሰፈር ልጅ ሰነፍ አይደለም። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ስድስት ሰው ይኖራል። ቴሌቪዥኑ እዚያ ነው፣ ወጡ እዚያ ይሠራል፣ ሕፃኑ እዚያ ያለቅሳል። ሊያስጠኑልን ፈቃደኛ የሆኑ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሉ። ከዘንዘልማ ግቢ ድረስ የሚመጡም አሉ። መጥተው የሚቆሙበት ሰሌዳ ሸራ ላይ አይሰቀልም።

«ከተማው ውስጥ ቤተ መጻሕፍት አለ፣ አዳራሽ አለ፣ ለምን እዚያ አይሄዱም?» የሚል አይጠፋም። አዲሱ የአባይ ድልድይ በ2016 ግንቦት ከተከፈተ ወዲህ መሻገሩ ቀሏል፤ ይሄን አልክድም። 380 ሜትር ነው፣ ሰፊ ነው፣ ማታ ማታ ሰው ፎቶ ሲነሳበት ያመሻል። ግን የ13 ዓመት ልጅ ብቻዋን ሲመሽ በዚያ ተሻግራ ትምጣ ቢባል እናንተስ እሺ ትላላችሁ? የባጃጁን ሒሳብ እንኳ ልተወው።

መሬትም ጠይቀናል። የከተማ ቦታ በሊዝ ነው። አዋጅ 721/2004 ሁለት መንገድ አስቀምጧል፤ ጨረታና ምደባ። ጨረታውን እርሱት፣ እኛ ነጋዴ አይደለንም። በምደባው ጥያቄያችንን አስገብተናል፣ ፋይሉም ተከፍቷል። እሱ በራሱ ጊዜ ይምጣ። እስከዚያ አሁን 12 ዓመት የሆነው ልጅ ጢም ያወጣል።

ይሄኔ ነው እድሩ የደረሰልን።

ነገሩ ወርሃዊ ስብሰባቸው ላይ ቀረበ። ቀላል አልነበረም። አንድ አባት ተነሱና «ለቅሶ ላይ ሆነን ከጓሮ ከበሮ ቢመታስ?» አሉ። ልክ ናቸው። ሌላው ቀጠሉ፤ «ዛሬ ለልጆች ብለን ሰጠን፣ ነገ ሱቅ ሆኖ ብናገኘውስ?» እሳቸውም ልክ ናቸው። እንዲህ ያለ ነገር ስንት ቦታ አይተናል። የክበቡ ልጆች ጥግ ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። አንዷ ልጅ ፈቃድ ጠይቃ «ለቅሶ ባለ ቀን ክበቡ ዝግ ነው፤ ድንኳኑን ግን እኛ እንተክላለን፣ ወንበሩንም እኛ እናወጣለን» አለች። ቤቱ ጸጥ አለ። የእድሩ አባላት አርጅተዋል። ድንኳን መትከል፣ ሰታቴ መሸከም ከብዷቸዋል፤ ጎረምሳ ፍለጋ በየቤቱ መዞር ከጀመሩ ቆይተዋል። በመጨረሻ አንዲት እናት ከተቀመጡበት ሳይነሱ «እኛ ስንሞትስ ማን ሊተክልልን ነው? ስጧቸው እንጂ!» አሉ። ሳቅ ሆነ። እጅ ወጣ። አለቀ።

የተስማማነው በጽሑፍ ነው፣ ማህተምም አለው። ቤቱ የእድሩ ንብረት ይሆናል፣ ቁልፉና አገልግሎቱ የክበቡ። ለሱቅም ለመኖሪያም አይከራይም። ክበቡ ቢፈርስ ቤቱ ለእድሩ ይቀራል። እኔ በበኩሌ ይሄ ውል ከብዙ የፕሮጀክት ሰነድ ይሻለኛል፤ ሁለቱም ወገን የሚፈልገውን ያውቃል።

ስለ ቤቱ ልንገራችሁ። አንድ ትልቅ ክፍል ለጥናትና ለልምምድ፣ አንድ ትንሽ ክፍል ለመጻሕፍትና ለዕቃ። የጭቃ ቤት ይረክስ ነበር፤ ምስጥና እርጥበት ግን አያስቆዩትም። ስለዚህ ብሎኬት መረጥን። ቦታው ሜዳ ነው፣ ክረምት ውሃ ይተኛበታል። መሠረቱ በጥቁር ድንጋይ ከመሬት ከፍ ብሎ ይገነባል። ቆርቆሮው ባለ 28 ጌጅ ይሁን ብለናል። ስሱን እንግዛ ያሉ ነበሩ፤ አናጺው ሳቀባቸው። ኮርኒሱን እንደ ቅንጦት አትዩብን። የሐምሌ ዝናብ ባዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የአስተማሪው አፍ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው የሚታየው። ሽንት ቤቱም በኋላ የሚደረስበት ነገር አይደለም። ሴቶች ልጆች ሽንት ቤት በሌለበት ግቢ ሁለት ሰዓት አይቀመጡም፤ ሰበብ ፈልገው ቀድመው ይሄዳሉ።

የሲሚንቶና የፌሮ ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ጥያቄውን በብር አላሰላነውም፤ በዕቃ ነው። ግንበኛው ያወጣልን ግምት ወደ 75 ኩንታል ሲሚንቶ፣ 1300 ገደማ ብሎኬት፣ 60 ቆርቆሮ ነው። ከዚያ አሸዋው፣ ጠጠሩ፣ ጥቁር ድንጋዩ፣ ፌሮው፣ የላሜራ በርና መስኮቱ አለ። አንድ ቢያጆ አሸዋ ብቻ የሚችል ሲኖትራክ ያለው ሰው ትልቅ ነገር አደረገልን። አንድ ቆርቆሮ የሚችልም አንድ ቆርቆሮ ነው፤ በእሱ ሥር የሚቀመጥ ልጅ አለ። አሥር ብሎኬት እንኳ ቢሆን አትፈሩ። ግንበኛው የድሮ የክበቡ ልጅ ነው፣ ለእጁ አይጠይቅም። የረዳቶቹን የቀን አበል ግን መክፈል አለብን።

ቲሸርት ግን በቃን፣ እግዜር ይስጥልን።

የገንዘቡ ነገር እንዲህ ነው። የባንክ ሒሳቡ በእድሩ ስም ተከፍቷል። ያለ ሦስት ሰው ፊርማ ብር አይወጣም፤ የእድሩ ዳኛ፣ ገንዘብ ያዡና የክበቡ ተወካይ። ቁጥሩን እዚህ ያልጻፍኩት ረስቼ አይደለም። ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ቁጥሩን ቀይሮ የራሱን የሚያስገባ ሌባ መኖሩን ስለምናውቅ ነው። ቁጥሩ በማህተም ተለጥፎ የእድሩ በር ላይ አለ። ሩቅ ያላችሁ እዚህ ያለ ዘመዳችሁን ደውላችሁ ጠይቁ፣ በድምፁ ሲነግራችሁ ጻፉት። በቴሌብር መላክ የሚፈልግም እንደዚያው ያድርግ። ማንም ሰው በግል ስልኩ «ለክበቡ ላክልኝ» ቢላችሁ እኛ አይደለንም።

ለእያንዳንዱ ስጦታ ደረሰኝ ይቆረጣል። በየሳምንቱ የገባውና የወጣው ዝርዝር እዚያው በር ላይ ይለጠፋል፤ የመጣው ሚስማር ቢሆንም። ስሜ አይጻፍ የምትሉ በክርስትና ስማችሁ ወይም «አንድ ወንድም»፣ «አንዲት እህት» ተብሎ ይገባላችኋል።

የድሮ አባላት፣ በተለይ እናንተን ነው የምጠራው። ድራማ ላይ አባት ሆናችሁ ጥጥ ጢም የለጠፋችሁ፣ መስመር ጠፍቷችሁ መድረክ ላይ የቆማችሁ፣ እዚህ ክበብ ተዋውቃችሁ የተጋባችሁ፤ እናውቃችኋለን። ለጥምቀት ብቅ የምትሉ ካላችሁ ቦታውን ራሳችሁ እዩት። ገንዘብ ባይኖራችሁ የምታውቁትን የብሎኬት አምራች ወይም የብረታ ብረት ነጋዴ አስተዋውቁን። ቅናሽ ማስደረግም ስጦታ ነው።

ቁፋሮው ከአስተርእዮ ማርያም በኋላ ባለው ሰኞ ይጀመራል። እስከዚያ ያሉት ቀናት በዓል ናቸው፤ በጎጃም ምድር በበዓል ዶማ የሚያነሳ የለም። የታሰበው ሰኔ ሳይገባ ቆርቆሮው ጣሪያው ላይ እንዲወጣ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እድሩ ግቢ እንገናኝ። እናቶች ቆሎና ሻይ አለ ብለዋል። ዶማና አካፋ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ እጀታው ላይ ስማችሁን ጻፉበት፣ አለዚያ ማታ ጭቅጭቅ ነው።