«ስንት ዩኒት? የት ላይ?» ብላችሁ ጠይቁ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በውበትና ጤና ገጻችሁ ስለ ፊት መሸብሸብ መርፌ፣ በተለይ ስለ ቦቶክስ ያወጣችሁትን ጽሑፍ እዚህ ደብረ ብርሃን፣ መድኃኒት መደብሬ ውስጥ ባንኮኒ ላይ ዘርግቼ አነበብኩት። ጸሐፊዋ ለአንባቢ ሁለት ምርጫ አቅርባለች፤ «ለስለስ ያለው» እና «ጠንከር ያለው»። የመጀመሪያው ለምትፈራ፣ ሁለተኛው ለውጡ ቁልጭ ብሎ እንዲታይላት ለምትፈልግ ነው ትላለች። ማሳረጊያዋ «እንደ ኪስዎ ይምረጡ» የሚል ነው። ጋዜጣው ከወጣ ወዲህ ያቺን ገጽ ቀድደው ይዘው የሚመጡ ደንበኞች አፍርቻለሁ። አንዷ «እትዬ፣ ጠንካራው እርስዎ ጋ ይገኛል?» አለችኝ፤ የሳል ሽሮፕ የምትጠይቅ ነው የምትመስለው። ይህን የምጽፈው ለእሷና ለመሰሎቿ ነው።

ሲጀመር ለስላሳና ጠንካራ የሚባሉ ሁለት መድኃኒቶች የሉም። ሁለቱም ከአንድ ብልቃጥ ነው የሚቀዱት። ቦቶክስ የምንለው ቦቱሊነም ቶክሲን ነው፤ ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የተባለ ባክቴሪያ የሚያመነጨው መርዝ፣ እጅግ በጥቂቱ ተለክቶ ለመድኃኒትነት የዋለ። ነርቭ ጡንቻን የሚያዝበት አሴቲልኮሊን የተባለ ኬሚካል አለ፤ መርፌው እሱ እንዳይለቀቅ ያግዳል። ትእዛዝ ያልደረሰው ጡንቻ ያርፋል፣ ከላዩ ያለው ቆዳም መታጠፉን ያቆማል። ከተወጉ ጥቂት ቀናት በኋላ መሥራት ይጀምራል፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ሙሉ ውጤቱ ይታያል፣ በሦስትና በአራት ወር ይለቃል። የተጀመረውም ለውበት አልነበረም። አላን ስኮት የተባለ አሜሪካዊ የዓይን ሐኪም የተንሸዋረረ ዓይን ለማቃናት ነበር የሞከረው፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪም እ.ኤ.አ. በ1989 ለዓይን ሕመም ፈቀደው። ኋላ ቫንኩቨር ውስጥ አንዲት የዓይን ሐኪም ዓይናቸው ያለ ፈቃዳቸው የሚጨፈንባቸውን ሰዎች በዚሁ መርፌ ስታክም፣ በቅንድቦቻቸው መካከል ያለው መስመር ሲጠፋ አየች። ባሏ የቆዳ ሐኪም ስለነበር ነገሩን አብረው ገፉበት። ለዚያ መስመር በይፋ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው።

ለስላሳና ጠንካራ የሚያሰኘው እንግዲህ የዩኒት፣ ማለትም የመድኃኒቱ መለኪያ፣ ቁጥርና የሚወጋው ቦታ ነው። የቦቶክስ አምራች በመመሪያው በቅንድቦች መካከል 20 ዩኒት ይላል፤ አምስት ቦታ፣ በእያንዳንዱ 4። ለዓይን ጥግ መስመሮች በግራና በቀኝ 12፣ 12፣ በድምሩ 24። ለግንባር 20፣ ያውም በቅንድቦች መካከል ከሚሰጠው ጋር አብሮ። ሐኪም ከዚህ ቀንሶ ሲሰጥ ነው ለስላሳ የሚባለው። እዚህ ላይ አንድ መጠንቀቂያ አለ። ዲስፖርት የተባለው የዚሁ ቶክሲን ሌላ ምርት ለዚያው ለቅንድቦች መካከል መመሪያው 50 ዩኒት ነው። የአንዱ ኩባንያ ዩኒት ከሌላው ጋር አይመሳከርም። ጎረቤቷ «50 ተወጋሁ» ስላለቻት «እኔማ 20 ብቻ ነው የተሰጠኝ፣ ተበላሁ» ብላ የምትናደድ ሴት ካለች ትረጋጋ፤ ምናልባት እኩል ናቸው። ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም፤ የምርቱ ስም ካልተጨመረበት።

አሁን ጽሑፋችሁ ፈጽሞ ያላነሳው፣ እኔን ብዕር ያስነሳኝ ነገር ላይ ልምጣ።

ቅንድብን ወደ ላይ የሚያነሳ ጡንቻ አንድ ብቻ ነው፤ ፍሮንታሊስ ይባላል፣ ግንባርን የሸፈነው እሱ ነው። የግንባር አግድም መስመሮች የእሱ ሥራ ናቸው። እነዚያን መስመሮች ድምጥማጣቸውን ለማጥፋት የሚሰጥ ጠንካራ መጠን ቅንድብ ማንሳትንም አብሮ ይወስዳል። ውጭ አገር ለተጻፈ የውበት መጽሔት ይህ ትንሽ ነገር ሊሆን ይችላል። እኛ ግን «አዎ» የምንለው በምናችን ነው? ትንፋሽ ሳብ፣ ቅንድብ ብድግ፣ በቃ። አፍ ሳይከፈት ውል የሚታሰርበት አገር ነው። የመንዝ ሽማግሌ ከዚያ ማዶ ሆኖ ሲጠይቅህ ከዚህ ማዶ በቅንድብህ ትመልስለታለህ፤ ያይሃል።

ገበያው አጠገብ ጋቢና ብርድ ልብስ የምትሸጥ ወዳጄ አለች። ለልጇ ሰርግ ብላ አዲስ አበባ ሄዳ ግንባሯን በደንብ አስወጋች። እርግጥ ነው ፎቶዋ አምሮ ወጥቷል፤ እኔም አመሰገንኳት። ከሰርጉ በኋላ ወደ ሱቋ ስትመለስ ነው ነገሩ የመጣው። ደንበኛው ጋቢውን ይዞ «በዚህ ዋጋ አትተዪልኝም?» ይላታል። እሷ እንደ ልማዷ ትንፋሿን ሳብ አድርጋ ቅንድቧን ታነሳለች፤ ታነሳለች ብላ ታስባለች እንጂ ፊቷ ላይ ምንም የለም። ሰውየው ጥቂት ይጠብቃል፣ ጋቢውን አጣጥፎ ያስቀምጣል፣ ይሄዳል። «ዋጋ ጠርቼ ዝም አለችኝ» ብለው የተቀየሟት አሉ። በዕድር ስብሰባ ደግሞ «ልጇን ከዳረች ወዲህ ፊት ነሳችን» ተባለ። አንዲት ከሞላሌ የሚመጡ የድሮ ደንበኛዋ እኔ ዘንድ ጎራ ብለው «ምን አስቀይሜያት ይሆን? አንቱ ታውቁ እንደሆን» ሲሉኝ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ነገሩን ማስረዳትም አልቻልኩም፤ የሰው ምስጢር ነው። ከወራት በኋላ መድኃኒቱ ሲለቅ ገበያዋም እርቋም ተመለሰ። ዛሬ ራሷ እያሳቀች ታወራዋለች፣ ጻፊውም ያለችኝ እሷው ናት።

ስለዚህ ግንባር ላይ የምመክረው ጥቂት ነው፤ መስመሩን የሚያለሰልስ፣ ቅንድብን ግን የማያስር። ሐኪሙ ፊት ተቀምጣችሁ «አዎ» በሉት፣ በቅንድባችሁ። የት ድረስ እንደሚነሳ ይይ፣ እሱን ትቶልኝ የቀረውን ይንካ በሉት።

ሌላም ምክንያት አለ። ዕድሜ ሲገፋ የዓይን ቆብ ይከብዳል፤ ብዙዎቻችን ሳናውቀው ቀኑን ሙሉ በግንባራችን ደግፈን ነው ዓይናችንን የምንከፍተው። ይህን ቤታችሁ ልትፈትኑት ትችላላችሁ። መስታወት ፊት ቁሙ፣ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ግንባራችሁን በመዳፋችሁ ጫን አድርጋችሁ ያዙና ዓይናችሁን ግለጡ። ከከበዳችሁ ግንባራችሁ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። በጠንካራ መጠን ሥራ ብታስፈቱት ቅንድቡም ቆቡም ዓይን ላይ ይወርዳል፤ ልታምሩ ሄዳችሁ እንቅልፍ ያልጠገበ ሰው መስላችሁ ትመለሳላችሁ። እኔ ራሴን እንዲህ ፈትኜ ግንባሬን ማንም እንዳይነካ ወሰንኩ። ያስወጋሁት በቅንድቦቼ መካከል ያለውን ብቻ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የሐኪም ማዘዣ ጽሑፍ ሳነብ ያወጣሁት መስመር ነው፣ ካሳ ይገባኝ ነበር። ሐኪሟን ከመመሪያው ቀንሳ እንድትጀምር፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ታይቶ ካስፈለገ እንድትጨምር ጠየቅኳት፤ ተስማማች። ቦቶክስ ከገባ በኋላ መልሶ የሚያወጣው ሌላ መርፌ የለም፤ የጎደለ ግን ይሞላል።

ለስላሳው ምንጊዜም ይበልጣል እያልኩ አይደለም። በቅንድብ መካከል ያለው ጡንቻው የወፈረ ሰው፣ በተለይ ወንድ፣ በትንሽ መጠን ምንም ላያይ ይችላል፤ ያየም እንደሆነ ቶሎ ይለቅበታል። 130 ኪሎ ሜትር አዲስ አበባ ድረስ ተጉዞ፣ ገንዘብ ከፍሎ፣ ለጥቂት ሳምንት መሆን ደግሞ ኪሳራ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ሙሉው መጠን ተገቢ ነው፤ ቅንድብን ቁልቁል የሚያወርድ ጡንቻ ስለሆነ ቢያርፍ «አዎ» አይጠፋም። ለዚህ ነው «ለስላሳ ወይስ ጠንካራ» የሚለው ጥያቄ ለፊት በሙሉ አንድ መልስ የሌለው። በአንድ ፊት ላይ ሁለቱም ሊያስፈልጉ ይችላሉ።

ጽሑፋችሁ ፊለርን «ከሁሉም የጠነከረው» ብሎ ከቦቶክስ በላይ አስቀምጦታል። ይህ ስህተት ነው፣ አደገኛም ነው። ፊለር ጡንቻ አያሳርፍም፤ ብዙ ጊዜ ሃያሉሮኒክ አሲድ የተባለ ዝልግልግ ነገር ሆኖ የጎደጎደን ቦታ ይሞላል፣ ከአፍንጫ ወደ ከንፈር ጥግ የሚወርደውን መስመር ለምሳሌ። መርፌው የደም ሥር ውስጥ ከገባ ግን ደም ይዘጋል፤ ቆዳ ሊሞት ይችላል። የቅንድቦች መካከልና የአፍንጫ አካባቢ የደም ሥሮች ከዓይን የደም ሥር ጋር ይገናኛሉና ዓይን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ሃያሉሮኒክ አሲድን የሚያሟሟ ሃያሉሮኒዴዝ የተባለ መድኃኒት አለ። እሱን አጠገቡ ሳያስቀምጥ ፊለር የሚወጋ ሰው ቤት ወንበር ላይ አትቀመጡ። ይህን ያህል ነው የምለው።

ስለ አያያዙ ደግሞ ሙያዬ ነውና ዝም አልልም። ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት። ዱቄት ሆኖ ነው የሚመጣው፤ በንጹሕ የመርፌ ሳላይን (የጨው ውሃ) ከተበጠበጠ በኋላ የቦቶክስ መመሪያ በ24 ሰዓት ውስጥ ሥራ ላይ ይዋል ይላል። መብራት በሚጠፋበት ከተማ፣ በቦርሳ ተይዞ ከሰው ቤት ሰው ቤት የሚዞር ብልቃጥ የት ውሎ የት እንዳደረ ማን ያውቃል? ሒሳቡንም አስቡት። 100 ዩኒት የያዘ ብልቃጥ የከፈተ ሰው አንዲት ደንበኛ ብቻ ካለችው፣ ወይ የተረፈውን ለሌላ ቀን ያሳድራል፣ ወይ «ጠንካራው ይሻልሻል» ብሎ ሁሉንም እሷ ላይ ያራግፈዋል፣ ወይ ለብዙ ሰው እንዲበቃ ያቀጥነዋል። የሦስተኛውን ዓይነት «ለስላሳ» ብሎ መሸጥ ቀላል ነው። ስለዚህ ብልቃጡ እፊታችሁ ይከፈት፤ ስሙን፣ የሚያበቃበትን ቀን፣ በስንት ሚሊ ሊትር እንደተበጠበጠ እዩ። በአገራችን የተመዘገበ መሆኑን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ ሻጩ ለዚህ ጥያቄ መልስ ከሌለው ተነሱ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ይቅርባቸው። ማያስቴኒያ ግራቪስ የተባለ ጡንቻ የሚያደክም ሕመም ያለበትም እንደዚያው። ጄንታማይሲን የተባለውን ፀረ ተሕዋስያን እየተወጋ ያለ ሰው ለሐኪሙ ይንገር፤ የቶክሲኑን ኃይል ሊያበረታ ይችላል።

መቼም የሰሜን ሸዋ ፊት የራሱ ጠላቶች አሉት። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ናት፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ብርዱ ያታልለናል፤ አየሩ ቀዝቅዞ ሳለ ፀሐዩ ቆዳችንን ሲያቃጥል ይውላል። በዚያ ላይ ነፋሱ፣ በዚያ ላይ የኩበት ጭስ፤ ዓይን ሲጨፈገግ ይኖራል። በእንቅስቃሴ የሚመጣ መስመር ፊት ሲያርፍ የሚጠፋው ነው፤ እሱን ቦቶክስ ያለሰልሰዋል። ፊት አርፎም የሚታየውን፣ ፀሐይ ቆዳው ውስጥ የጻፈውን ግን ጠንካራም ቢሆን ብቻውን አይደመስሰውም። ከአንጎለላ ለመጡ አንዲት እናት ይህንን ሳስረዳ «ታዲያ ባርኔጣ ነዋ የሚያስፈልገኝ» አሉኝ። ባርኔጣ፣ መነጽር፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት። ሴትየዋ ከጽሑፋችሁ በተሻለ ገብቷቸዋል።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው። በሚቀጥለው እትማችሁ አንድ ትንሽ ሠንጠረዥ አውጡልን፤ የምርቱ ስም፣ የፊቱ ቦታ፣ በመመሪያው የተጻፈው የዩኒት መጠን። ጸሐፊዋም አንድ የቆዳ ሐኪም አነጋግራ ቅንድባቸው ሳይታሰር ግንባራቸው እንዲለሰልስ ለሚፈልጉ ምን እንደሚደረግ ትጻፍልን። «እንደ ኪስዎ» የሚለውን መስመር አርሙት። እግረ መንገዳችሁንም «ጠንካራው» ደብረ ብርሃን እኔ መደብር እንደማይገኝ አሳውቁልኝ፤ ዛሬም ጠዋት ጠይቀውኛል።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የመድኃኒት ባለሙያ፣ ከደብረ ብርሃን
(ስሜ በዝግጅት ክፍሉ ይያዝልኝ)